ቲማቲምን ከገዛ ዘሩ ስለ ማልማት፤ ለምዕራብ ጐጃም ሹማምንትና ባለይዞታዎች

የአንድ አገር ልማት የሚታወቀው በሰፊው እርሻና በተሞላው ጎተራ ብቻ አይደለም፤ ከቤት ጀርባ ያለችው ትንሿ ጓሮም ስለ ባለቤቷ ትጋት ወይም ስንፍና ትመሰክራለች። ጓሮዋ የለማ ቤት ለወጧ ማጣፈጫ ወደ ገበያ አትሮጥም፤ ጓሮዋ ጦም ያደረ ቤት ግን፥ እህሏ ሙሉ ሳለ፥ ለጥቂት ፍሬ ቲማቲም ሳንቲም ስትቈጥር ትኖራለች።

በዚህ ጽሑፍ የምናመለክተው ስለ ቲማቲም ፍሬ ብቻ ሳይሆን፥ ይልቁንም ስለ ዘሩ ነው። ፍሬውን የሚሸጥና የሚገዛ ሰው ብዙ ነው፤ ዘሩን ለይቶ የሚያስቀር ግን ጥቂት ነው። ዘሩን ያላስቀረ አትክልተኛ በየዓመቱ የሌላውን ደጅ ይጠናል፤ ዘር ሻጩ ዋጋ ሲጨምር እርሱ ይከፍላል፤ መንገድ ሲዘጋና ዘሩ ሲዘገይ መደቡ ባዶውን ያልፋል። ስለዚህ ጉዳዩ ትንሽ መስሎ ቢታይም፥ ሥሩ ሲመረመር የቤትን ነጻነት የሚነካ ነገር ነው። ማስታወሻውን ለአገር ሹማምንትና ሰፋ ያለ ይዞታ ላላቸው ሰዎች ማቅረባችንም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሕዝቡ ከሹሙ አፍ ከሚሰማው ይልቅ በሹሙ ግቢ የሚያየውን ይከተላልና።

ስለ ተክሉ አመጣጥ

ቲማቲም የአገራችን የጥንት ተክል አይደለም። የዱር ዘመዶቹ የሚገኙት በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች አጠገብ ነው፤ ወደ ጓሮ ገብቶ የሰው ተክል የሆነው ግን በሜክሲኮ ምድር ነው። ስሙም በዚያ አገር ሕዝብ በናዋትል ቋንቋ ቶማትል ይባል ነበር። እስፓኞች ሜክሲኮን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1521 ከያዙ በኋላ ተክሉ ባሕር ተሻግሮ ወደ አውሮፓ ገባ፤ በ1544 ማቲዮሊ የተባለ የኢጣልያ ሐኪም ስለ ዕፀዋት በጻፈው መጽሐፍ ላይ ነገሩን አንሥቷል። ከብዙ ዘመን ወዲህም የዓለም ሁሉ ምግብ ሆኗል። በኛም አገር ዛሬ ከስልሱ፥ ከሽሮውና ከሰላጣው የማይለይ ስለ ሆነ፥ እንግድነቱን የሚያስታውስ ሰው የለም።

ይህ ታሪክ አንድ ትምህርት ይሰጣል። ከውቅያኖስ ማዶ የመጣው ተክል በየአገሩ ሊለምድ የቻለው፥ በየአገሩ ያሉ አትክልተኞች ከመደባቸው የተሻለውን እየመረጡ ዘሩን ለልጅ ልጅ ስላወረሱት ነው። በዚህ ዓይነት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን ዘር ነባር ዘር እንለዋለን።

ስለ ነባር ዘርና ስለ ድቅል ዘር

በምዕራብ ጐጃም የድቅል በቆሎ ዘር ከተለመደ ወዲህ፥ ገበሬው የድቅልን ጠባይ ዐውቆታል። ድቅል በመጀመሪያው ዓመት እኩል ያድጋል፤ ብዙም ያፈራል። ከእርሱ የተቀረው ዘር በተከታዩ ዓመት ሲዘራ ግን አንዱ ረዥም፥ አንዱ አጭር፥ አንዱ ፍሬያማ፥ አንዱ መካን ሆኖ ይበተናል። ከባሕር ማዶ ታሽጎ የሚመጣው የቲማቲም ድቅል ዘርም እንዲሁ ነው። ድቅሉን ልንነቅፈው አይደለም፤ በመስኖ ሰፊ መሬት ለሚያለማና ለከተማ ገበያ ለሚያቀርብ ሰው ዋጋውን የሚመልስበት ጊዜ አለ። ለቤት ጓሮ ግን በየዓመቱ የሚገዛ ዘር ዕዳ ነው።

ነባሩ ዘር ከዚህ የተለየ ነው። አበባው ወንዴውን ክፍል እንደ ቱቦ አድርጎ በሴቴው ዙሪያ ስለሚይዝ፥ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ስለዚህ ልጁ እናቱን ይመስላል። አባቶቻችን ስለ ሰው ሲናገሩ «ዘር ከልጓም ይስባል» ያሉት፥ በቲማቲም ጓሮ ቃል በቃል ይታያል፤ መልካም እናት የመረጠ መልካም ፍሬ ይለቅማል፤ የተበላሸ ፍሬ ለዘር ያስቀረም ብልሽቱን ይወርሳል።

በአገራችን ከሚታወቁት ዘራቸው ከሚያዝ ዓይነቶች መካከል ማርግሎብ አንዱ ነው፤ ይህ በአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1925 ገደማ የወጣ፥ ክብና ቀይ ፍሬ ያለው ዓይነት ነው። ሮማ የሚባለውም ቅርጹ ሞላላ፥ ሥጋው ወፍራም፥ ለስልስና ለድልህ የሚስማማ ነው። ከአዳማ አጠገብ ያለው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማእከል ካወጣቸው ደግሞ መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ ይገኛሉ። እነዚህ ሁሉ ድቅል ስላልሆኑ፥ አንድ ጊዜ በትክክል የተገኘ ዘራቸው በጥንቃቄ ከተያዘ እንደገና መግዛት አያስፈልግም።

ስለ አገሩ ጠባይ

ፍኖተ ሰላም፥ በቀድሞ ስሟ ወጀት፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ቡሬ ከእርሷ ከፍ ብላ ወደ 2,100 ሜትር ትደርሳለች። አፈሩ ለም ነው፤ እንደ ላህና እንደ ብር ያሉት ወንዞችም በጋውን ውኃ አያጡም። ከሁሉ ይልቅ ግን ይህን አገር ለቲማቲም የሚያበቃው የሰዉ ልማድ ነው። የቡሬ በርበሬ ስሙ በገበያ ሁሉ የታወቀ ነው፤ በርበሬ ደግሞ በመደብ ላይ ፈልቶ፥ ተነቅሎ፥ እንደገና የሚተከል ነው። እንግዲህ የበርበሬ ፍል ማፍላት የሚያውቅ እጅ የቲማቲምን ሥራ ከግማሽ በላይ ዐውቆታል ማለት ነው፤ አዲስ ሙያ መማር ሳይሆን ያለውን ሙያ ወደ ሌላ ተክል ማሻገር ብቻ ይቀረዋል።

ነገር ግን ከዚሁ ከበርበሬው ጋራ አንድ አደጋ ይመጣል። ቲማቲም፥ በርበሬ፥ ድንችና ደበርጃን የአንድ ቤተ ዘመድ ተክሎች ናቸው፤ እንደ ሰው ዘመዶችም በሽታቸውን ይካፈላሉ። ሥር አድርቆ የሚያጠወልገው በሽታ በአፈር ውስጥ ተደብቆ ይቈያል፤ ስለዚህ ትናንት በርበሬ በነበረበት መሬት ዛሬ ቲማቲም የሚተክል ሰው ለበሽታው ድግስ ደገሰ ማለት ነው። መሬቱ ከነዚህ ከአራቱ ተክሎች ቢያንስ 3 ዓመት ሊያርፍና በመካከሉ ባቄላ፥ ሽንኵርት፥ ጐመን ወይም በቆሎ ሊዘራበት ይገባል።

ስለ ወራቱ

በክረምት ቲማቲምን ሜዳ ላይ መትከል በዚህ አገር አይመከርም። ዝናቡ ቅጠሉን እያረጠበ፥ ብርዱ ሲጨመርበት፥ ገበሬው «ምች መታው» የሚለው ቅጠልና ፍሬ አጥቁሮ የሚያበሰብስ በሽታ ይነሣበታል። ይህ በሽታ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ብዙ ሕዝብ በራብ የፈጀው ያው በሽታ ነው፤ ድንችንና ቲማቲምን አይለይም። በክረምት ማልማት ግድ የሆነበት ሰው ዝናቡ ቅጠሉን እንዳያገኘው ነፋስ በሚያሳልፍ ዳስ ሥር ጥቂት ተክል ብቻ ይያዝ።

ዋናው ወራት ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። የወራቱንም ስሌት ከገበያው ተነሥቶ ወደ ኋላ መቍጠር ይሻላል። ቲማቲም በእጅጉ የሚፈለገው በዐቢይ ጾም ነው፤ ቅቤና ሥጋ ሲቀር የወጡ ጣዕም በሽንኵርትና በቲማቲም ላይ ይወድቃልና። በባሕረ ሐሳብ ቀመር ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀን በፊት አይገባም፤ መግቢያውም ከመጋቢት 5 ቀን አያልፍም። ዘሩ በፍል መደብ ላይ 5 ሳምንት ያህል ይቈያል፤ ከተተከለ በኋላም እስኪቀላ ከ75 እስከ 90 ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ በጥቅምት 5 ቀን የተዘራው በኅዳር 10 ቀን ገደማ ይተከላል፤ በየካቲት መጀመሪያም መቅላት ይጀምራል። በቡሬና ከዚያ በላይ ባለው ደጋማ ስፍራ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ አበባውን ስለሚያዘገይ፥ በዚያ ያለ ሰው 10 ወይም 15 ቀን ቀደም ብሎ በመስከረም መጨረሻ ይዝራ።

ስለ ፍል አፈላል

የፍሉ መደብ ስፋቱ 1 ሜትር፥ ርዝመቱ እንደ አስፈላጊነቱ፥ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ይሁን፤ ውኃ እንዳይተኛበት። አፈሩ በደንብ ከበሰለ ፍግ ጋራ ይደባለቅ፤ ጥሬ ፍግ ግን ፍሉን ያቃጥላል። በመደቡ ላይ በአንድ ስንዝር ርቀት መሥመር እየተሰመረ ዘሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ ሳሳ ተደርጎ ይዘራ፤ ከላይ ደረቅ ሣር ይልበስ። ሙቀቱ መልካም ከሆነ ከ5 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይበቅላል፤ ብቅ እንዳለም ሣሩ ይነሣና ከፍ ብሎ ጥላ ይሁንለት። ዘር ተጠጋግቶ የተዘራበትና ውኃ የበዛበት ፍል ግንዱ ከአፈሩ ላይ ቀጥኖ ይወድቃል፤ መድኀኒቱ ማሳሳትና ጧት ብቻ ማጠጣት ነው። ሊተከል አንድ ሳምንት ሲቀረው ጥላው ቀስ በቀስ ይነሣ፥ ውኃውም ይቀነስ፤ በምቾት ያደገ ፍል በሜዳ ላይ ይደነግጣልና።

ፍሉ 5 ወይም 6 እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ፥ ርዝመቱም አንድ ስንዝር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፥ ፀሓይ ሲበርድ ወደ ማታ ይተከላል። በመሥመርና በመሥመር መካከል 1 ሜትር፥ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይተው። ከበርበሬ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ የቲማቲም ግንድ አፈር በነካው ሁሉ ሥር ስለሚያወጣ፥ የታችኞቹ ቅጠሎች ተቀንጥሰው ጠለቅ ብሎ ቢተከል ይጠነክራል።

ስለ አያያዙ

ረዥም የሚሆነው ዓይነት ከሽመል፥ ከቀርከሃ ወይም ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በተሠራ ድጋፍ ላይ በላላ ማሰሪያ ይታሰር፤ መሬት የነካ ፍሬ ይበሰብሳል። ውኃው ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ ላይ አይፍሰስ፤ አፈሩም በጭድ ወይም በሣር ጉዝጓዝ ይሸፈን። አንድ ሳምንት ደርቆ በሌላው ሳምንት የሚጥለቀለቅ ተክል ፍሬው ከጫፉ ይጠቁራል፤ ይህንንም ብዙ ሰው በሽታ ይለዋል እንጂ፥ ውኃው ስለ ተዛባ ፍሬው ከአፈሩ የሚፈልገውን ካልሲየም ባለማግኘቱ የሚመጣ ነው።

ከተባዮቹ ሁሉ የከፋው በቅጠሉ ቆዳ መካከል እየሰረሰረ የሚኖረው፥ ቱታ አብሶሉታ የተባለው ትል ነው። ይህም እንደ ቲማቲሙ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ሲሆን፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2006 እስፓኝ ገብቶ፥ በ2004 ዓ.ም. ገደማ አገራችን ደረሰ። አንድን መርዝ ደጋግሞ መርጨት ትሉን ያለምደዋል እንጂ አያጠፋውም። በጓሮ ላይ የሚሻለው በየሦስት ቀኑ ተክሉን እየተመለከቱ የተሰረሰረውን ቅጠልና ፍሬ ለቅሞ በጥልቅ መቅበር፥ ምርቱም ሲያልቅ አሮጌውን ተክል ነቅሎ ማቃጠል ነው። ትንባሆ የሚነካ ሰውም ተክሉን ከመያዙ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ከትንባሆ ወደ ቲማቲምና ወደ በርበሬ የሚሻገር፥ ቅጠል የሚያዥጐረጉር ደዌ አለና።

ስለ ዘር አያያዝ

እነሆ ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ብዙ ሰው ዘር የሚያስቀረው ከገበያ ከተረፈው ፍሬ ነው፤ ይህ ትልቅ ጕዳት ነው፤ መልካሙን ሸጦ ክፉውን መውለድ ነውና። የሚገባው ግን እንዲህ ነው።

1ኛ፤ ፍሬው ሳይቀላ፥ ተክሉ ቆሞ ሳለ ከመደቡ መካከል ጤነኛ የሆኑት፥ ብዙ ያፈሩትና ዓይነታቸውን የጠበቁት ከ5 ያላነሱ ተክሎች ይመረጡ፤ ማንም እንዳይቀጥፋቸው ቀይ ጨርቅ ይታሰርባቸው። የሚመረጠው ተክሉ ነው እንጂ አንዱ ትልቅ ፍሬ አይደለም፤ በታመመ ተክል ላይ አንድ ያማረ ፍሬ ሊገኝ ይችላልና።

2ኛ፤ ሁለት ዓይነት ቲማቲም ያለው ሰው በመካከላቸው ቢያንስ 10 እርምጃ ይተው። ለበርበሬ ግን ይህ ርቀት አይበቃም፤ በርበሬን ንብ ከቲማቲም ይልቅ አብዝታ ታዳቅለዋለች።

3ኛ፤ ፍሬው በተክሉ ላይ ፈጽሞ ይቅላ። ከዚያ ተሰንጥቆ ዘሩ ከነዝልግልጉ በንጹሕ የሸክላ ዕቃ ይጨመቅ፤ ጥቂት ውኃ ይጨመርበትና በጥላ ሥር ከ2 እስከ 3 ቀን ይቀመጥ፤ በየቀኑም ይማሰል። ይህ እንደ ጠላ ጥቂት መፍላቱ በዘሩ ላይ ያለውን ቡቃያ የሚከለክል ዝልግልግ ይበላዋል፤ ከዘር ጋራ ከሚተላለፉት በሽታዎችም አንዳንዱን ያጠፋል። ከ3 ቀን ካለፈ ግን ዘሩ እዚያው መብቀል ይጀምራል።

4ኛ፤ ውኃ ተጨምሮ ሲታጠብ ፍሬ የያዘው ዘር ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ገለባው ይንሳፈፋል፤ የተንሳፈፈው ይደፋ። የዘቀጠው በወንፊት ታጥቦ፥ ጨርቅ በለበሰ ሰፌድ ላይ ሳሳ ብሎ ነፋስ ባለበት ጥላ ይድረቅ፤ እንዳይጣበቅም በእጅ ይነካካ። በብርቱ ፀሓይ ወይም በምድጃ አጠገብ የደረቀ ዘር ሕይወቱ ይጐዳል።

5ኛ፤ በደንብ የደረቀው ዘር ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ይግባ፤ ከሥሩ በጨርቅ የተቋጠረ ደረቅ አመድ ቢደረግለት እርጥበቱን ይጠጣለታል። በላዩ የዓይነቱ ስም፥ የቀበሌው ስምና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ። በቀዝቃዛና በደረቅ ስፍራ የተቀመጠ የቲማቲም ዘር 4 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቈያል።

6ኛ፤ ከመዝራት በፊት 20 ዘር ተቈጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሙቅ ስፍራ ይፈተን። በ10 ቀን ውስጥ 16 ወይም ከዚያ በላይ ከበቀለ መልካም ነው፤ ከ10 በታች ከሆነ ሌላ ዘር ይፈለግ።

የጥቅሙን ልክ በቍጥር እንመልከተው። አንድ መካከለኛ ፍሬ እንደ ዓይነቱ 100 ያህል ዘር ይሰጣል፤ 10 ፍሬ 1,000 ዘር ይሆናል። ለአንድ ቤት 20 ተክል ይበቃል፤ የሚጠፋውን አስበን 40 ዘር እንስጠው። እንግዲህ 10 ፍሬ የጨመቀች አንዲት እመቤት ለ25 ቤት የሚበቃ ዘር አወጣች። ከአንዱ ተክል 2 ኪሎ ብቻ ቢለቀም፥ እያንዳንዱ ቤት 40 ኪሎ ያገኛል፤ 25ቱ ቤቶች አንድ ላይ 1,000 ኪሎ። ይህ ሁሉ የወጣው በአንድ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ከነበረው፥ ሰው ሊደፋው ይችል ከነበረው ነገር ነው።

ከሹማምንት ስለሚጠበቀው

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ለእርሻም አንድ ሚኒስትር መድበው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መንግሥታት ተለዋውጠዋል፥ የመሬትም ሥርዐት ተለውጧል፤ ዘር የገበሬው የመጀመሪያ ሀብት መሆኑ ግን አልተለወጠም። በ1968 ዓ.ም. የአገሪቱን ዕፀዋት ዘር የሚጠብቅ ማእከል በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ማእከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በበረዶ ቤት ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳና በገበሬው እጅ ሊጠበቅ ይገባል ብለው ስለ ሠሩት ሥራ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የዘር ዐዋጅ ቍጥር 782ም፥ ገበሬው ያስቀረውን ዘር መጠቀሙንና አነስተኛ ገበሬዎች እርስ በርስ መለዋወጣቸውን ከዐዋጁ ግዴታ ውጭ አድርጎት ነበር። ስለዚህ ዘር ያስቀረችን እመቤት እንደ ኋላ ቀር የሚመለከት ሹም ቢኖር፥ አመለካከቱን ያርም።

ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በየቀበሌው የገበሬ ማሠልጠኛ ስፍራ፥ በየትምህርት ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ ግቢ አንድ የዘር መደብ ይውጣ። የመጀመሪያው ዘር ከታወቀ ስፍራ ይምጣ፤ በጐጃም ምድር ያለውን የአዴት የግብርና ምርምር ማእከል መጠየቅ ይቻላል። በመደቡ ላይ ወንዶች ብቻ አይጠሩ፤ የጓሮው ሥራ በአብዛኛው በሴቶች እጅ ነውና፥ ያልተጠራችው እመቤት ያልሰማችውን አትሠራውም። ከመስከረም በፊት በየቀበሌው አንድ የዘር መለዋወጫ ቀን ይቈረጥ፤ ያመጣው፥ የወሰደውና የዓይነቱ ስም በመዝገብ ይግባ። ዘር የወሰደ ሰው በተከታዩ ዓመት እጥፉን እንዲመልስ ይደረግ፤ በሁለት ክረምት ውስጥ መዝገቡ ራሱ የዘር ጎተራ ይሆናል።

ገዥዎችና ባለይዞታዎች ይህን ካነበቡ በኋላ ብዙ ቃል መናገር አያስፈልጋቸውም። በዘንድሮው በጋ ከግቢያቸው 20 ተክል ያቁሙ፤ ከ20ው ላይ ለ5ቱ ቀይ ጨርቅ ይሰሩ። ለአቤቱታ የመጣ ባለጉዳይ ጨርቁን አይቶ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ፥ መልሱን ይስጡት፤ በሚቀጥለውም ጊዜ ሲመጣ በወረቀት የተጠቀለለ 40 ዘር በእጁ ያኑሩለት።